የሆራስ ፔንዳር እጅ

ቲልዳ ፔንዳር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥታ ምድጃውን ለኮሰች። አጃውን በጥቂት ጨው ቀቀለች፣ ሁለት እንቁላል ጠበሰች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ ምድጃው አናት ላይ አሞቀች። ባሏ ሆራስ ቀድሟት ተነሥቶ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ግማሽ በካሜራው ይዞታል። ሌንሱን በለስላሳ ቆዳ ይወለውላል፣ በመርፌ ጫፍ ዘይት እየነከረ የውስጡን ጥርሶች ያለሰልሳል። ቲልዳ ሳህኖቹን የምታሳርፍበት ቦታ አጥታ ቆማ ጠበቀች።

«ይኼ ዕቃ ደግሞ ቁርስ ይበላል እንዴ?» አለችው።

«ከኔ የተሻለ ይበላል» አለ ቀና ሳይል። «እሱ ካልበላ እኛም አንበላ።»

ካሜራውን አነሣላት። በልተው ሲጨርሱ እሷ ሳህኑን አጠበች፣ እሱ ጫማውን አሰረ፣ በሩን ቆልፈው አብረው ወጡ። ከቤታቸው ማዶ ባለው የብርቱካን እርሻ ጤዛው ገና አልረገፈም ነበር። ሁለት ትራም ቀይረው ካስታሊያ ስቱዲዮ ደረሱና በሩ ላይ ተለያዩ። እሷ ወደ ኔጋቲቭ መቁረጫ ክፍል፣ እሱ ወደ ካሜራ ክፍል። ፊልም ገና አፉን ባልፈታበት በዚያ ዘመን የሁለቱ ጠዋት ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሆራስ የመቁረጫ ክፍሉን በር ቆረቆረና አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ወደ ተራራው፣ ወደ ትራኪ ልንወጣ ነው» አላት። «ለሦስት ሳምንት። የበረዶው ሥራ ደርሷል።»

ከቲልዳ ጎን የምትሠራው አይዳ ሞስክ ነጭ ጓንቷን ሳታወልቅ ዞር አለች። «ወፍራም ካልሲ አስይዢው እቴ። ለመሆኑ ቫንስም ይሄዳል?»

«ዋናው ካሜራማን ሳይሄድ ይቀራል?» አለ ሆራስ።

«እሱማ ይሄዳል። ብርድ ሲያይ ግን ዋናነቱን ላንተ ይተውልሃል።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ሆራስም ሳቀ። ቲልዳ ካልሲውን ማታ አዘጋጀችለት።

ሆራስ ሥራውን የጀመረው በዳቬንፖርት፣ አጎቱ ፎቶ ቤት ውስጥ ሙሽሮችንና ሕፃናትን ሲያነሣ ነበር። ሰው ሁሉ ሎስ አንጀለስ ፀሐይ አታርፍም ሲል ሰምቶ፣ ያለውን ሸጦ ይህን ካሜራ ገዛና ቲልዳን ይዞ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሳምንት ሁለት አጫጭር አስቂኝ ፊልም ያነሣ ነበር። ጢማም ሰዎች ጢም የሌላቸውን ያባርራሉ፣ ጋሪ ይገለበጣል፣ ሊጥ ፊት ላይ ይለጠፋል። ሆራስ ከካሜራው ኋላ ቆሞ እጀታውን ያዞራል። በሰከንድ ሁለት ዙር፣ በአንድ ዙር ስምንት ምስል። ልኩ እንዳይጠፋው የልጅነቱን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ሊጥ እየተወረወረ መዝሙር ማንጎራጎሩ ተዋንያኑን ያስቃቸው ነበር።

አንድ ጊዜ የባቡር ማሳደድ ሲያነሣ ከዕቃ ፉርጎ ጣሪያ ላይ ከነካሜራው ወደቀ። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ያኔ የነበረው አለቃ እየሮጠ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው «ካሜራው ተረፈ?» ብሎ ነበር። ካሜራው ተርፏል። አንጓውን የመንደር ሐኪም አጣሞ ጠገነውና ከዚያ ወዲህ እጀታው ወደ ታች ሲወርድ እጁ በጥቂቱ ትጎተታለች። ዓይን የማይለየው መጎተት ነው። እሱ ራሱ ከአይዳና ከቲልዳ በቀር ለማንም አልተናገረም።

ካስታሊያ ከገባ በኋላ ሁለተኛ ካሜራማን ሆነ፤ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ነበር። ለእያንዳንዱ ፊልም ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ይቆማል። የመጀመሪያው ኔጋቲቭ፣ ቅጂ ሁሉ የሚወጣበት ዋናው ፊልም፣ ለአገር ውስጥ፣ የሁለተኛው ለባሕር ማዶ። የመጀመሪያው ሰው ስም በሸራው ላይ ይወጣል፤ የሁለተኛው አይወጣም። የመጀመሪያው ጌይሎርድ ቫንስ ነበር። የዚያ ዘመን ፊልም ሰማያዊውን ነጭ አድርጎ ነበር የሚያየው፣ ሰማያዊ ዓይን ያላት ተዋናይት ዓይነ ስውር መስላ ትወጣለች። እንዲህ ያለች አንዲት ተዋናይት ስታለቅስ፣ ሆራስ በካሜራው ዙሪያ ጥቁር ከፋይ ሰቀለና ወደ ጥቁሩ እያየች እንድትሠራ አደረገ። ዓይኗ ጠለቀ። ሴትዮዋ በማግሥቱ ትልቅ የአበባ እቅፍ ላከች፤ የላከችው ለቫንስ ነው። ቫንስ አበባውን ተቀበለ። ቲልዳ ያን ቀን ተቆጥታ ነበር፣ ሆራስ ግን «አበባ ምን ያደርግልኛል፣ ያስነጥሰኛል» ብሎ ዘጋው።

ከትራኪ አራት ደብዳቤ ጻፈላት። በሁለተኛው ላይ ቫንስ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ከሆቴሉ ምድጃ አጠገብ እንደ ቀረና ካርታ እንደሚጫወት ነገራት። በሦስተኛው ላይ ወንዙ ላይ ያለው በረዶ መሰባበር ስለ ጀመረ ዳይሬክተሩ መጠበቅ እንዳልቻለ፣ እሱ ብቻውን ሦስት ቀን እንዳነሣ ጻፈ። የፊልሙ ታሪክ ውስጥ ያለችው ልጅ በበረዶው ግግር ላይ ተንሳፋ ስትሄድ ከዳር ሆኖ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ የካሜራውን እግር ወንዙ ውስጥ ተክሎ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ አዞረ። «ካልሲሽ ጥሩ ነበር፣ ውሃው ግን ከካልሲሽ በላይ ነው» አለ። በአራተኛው ላይ የእጅ ጽሑፉ ተንጋዶ ነበር።

በባቡር ሲመጣ ትኩሳት ይዞት መጣ። የሳንባ ምች ነው አሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ቲልዳ ለአንድ ሳምንት ቤት ውላ በስምንተኛው ቀን ጓንቷን አድርጋ ወደ መቁረጫ ክፍል ተመለሰች። አይዳ ወንበሯን ጠርጋ ጠበቀቻት።

በግንቦት የበረዶው ፊልም አምስተኛ ጥቅል ቲልዳ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ኔጋቲቩን ከታች በሚያበራው መስታወት ላይ ዘረጋችው። እያንዳንዱ ካሜራማን በካሜራው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበትን የብረት መስኮት ጠርዝ በሞረድ ጥቂት ይፍቃል። ያ ጭረት በሚያነሣው ምስል ሁሉ ጠርዝ ላይ ይታተማል፤ የማን ካሜራ እንደሆነ ይናገራል። ቲያትር ቤት ውስጥ አይታይም። የሚያየው ኔጋቲቩን የሚነካ ሰው ብቻ ነው። የቫንስ ምልክት ከላይ በቀኝ በኩል ግማሽ ጨረቃ ነበረች። የሆራስ ደግሞ ከታች በግራ በኩል ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። አምስተኛው ጥቅል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለቱን ጥርሶች ይዟል።

ቲልዳ ግን ጥርሶቹን ከማየቷ በፊት እጁን አይታው ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስትቆጥር ስምንተኛው ምስል ከሌሎቹ በጥቂቱ ይጠቁራል። ደግሞ ስምንት፣ ደግሞ ይጠቁራል። እጀታው ወደ ታች ሲወርድ የተጎተተችው እጅ ለዚያ አንድ ምስል ትንሽ ብርሃን ትጨምርለታለች፤ ኔጋቲቭ ላይ ደግሞ ብርሃን የበዛበት ይጠቁራል። ዘጠኝ መቶ አርባ ጫማ ሙሉ እንዲህ ነው። ቲልዳ ቆረጠች፣ ፋቀች፣ ሙጫ ቀባች፣ ቀጠለች። ከጥቅሉ ጫፍ ላይ የተረፈውን ቁራጭ ሁሉ በደንቡ መሠረት ወደ ቁርጥራጭ ሣጥን መለሰች። አንዲት ምስል እንኳ ለራሷ አላስቀረችም። ደንቡ እንዲህ ስለነበረ ነው፤ ሆራስም ደንብ ያከብር ነበር።

ፊልሙ በመስከረም ወጣ። ቲልዳና አይዳ ትኬት ገዝተው ገቡ። በመጀመሪያው የጽሑፍ ሰሌዳ ላይ «ፊልሙን ያነሣው ጌይሎርድ ቫንስ» የሚል ወጣ። ቲልዳ ይህን ጠብቃ ነበር፤ ደንቡ ነው። በአምስተኛው ጥቅል ላይ ቲያትር ቤቱ ዝም አለ። ወንዙ በሸራው ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ይመስል ነበር፣ ብርሃኑ በሆራስ እጅ ልክ ይመጣል፣ ይሄዳል። በማግሥቱ አንድ ትልቅ ጋዜጣ «የሚተነፍስ ውሃ አየን» ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ቫንስ ለዚያው ጋዜጣ ቃል ሰጠ። ውሃው እንዲተነፍስ ያደረገው ለብዙ ዓመት ባጠናው በራሱ ምስጢራዊ ዘዴ እንደሆነ፣ በረዶው ውስጥ ሦስት ቀን እንደ ቆመ፣ ሕይወቱን እንኳ አደጋ ላይ እንደ ጣለ ተናገረ።

ቲልዳ ጋዜጣውን በምሳ ሰዓት አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምን አለ?» አለች አይዳ።

«ወንዝ ውስጥ ቆሜያለሁ አለ።»

አይዳ ዳቦዋን አስቀመጠች። «ይኼ ሰውዬ ገንዳ ውስጥ እንኳ የሚገባው ሞቆ ሲሰጡት ነው።»

ቲልዳ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ወደ ሚስተር ፕሬስኮት ሄል ቢሮ ሄደች። ሄል ቀጭን፣ ትሑት አነጋገር ያለው ሰው ነበር። ወንበር ሰጣት፣ ስለ ሆራስ አዘንኩ አላት።

«ሚስዝ ፔንዳር፣ የሚወጣው የአለቃው ስም ነው። ባልዎም ይህን ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀን ቅሬታ አላቀረቡም።»

«ስሙ ሳይወጣ ቀርቷል፣ ስለዚያ አልመጣሁም» አለች። «ሰውየው በረዶ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ ብሏል። ባሌ የሞተው በዚያ በረዶ ነው። አንድ ሰው የሞተበትን ሥራ ሌላ ሰው ሠራሁት ሲል ዝም ልበል?»

«ጋዜጣ የሚለውን ሁሉ ከያዙማ…»

«ጋዜጣው አይደለም ያለው። እሱ ነው ያለው።»

ሄል እጁን አጣጠፈ። «እርስዎ ምን ማስረጃ አለዎት?»

«ኔጋቲቩ አለ። ግምጃ ቤት ተቀምጧል።»

ሄል ነገሩ ወደ ካሜራማኖች ማኅበር እንዳይሄድ ፈልጎ ነበር፣ ግን ሄደ። ቲልዳ ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ አይዳና አራት የመቁረጫ ክፍል ሴቶች ፈረሙበት። ማኅበሩ ሦስት ሽማግሌዎች መደበ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አምብሮዝ ቲል የሚባል፣ ቀኝ ትከሻው ካሜራ በመሸከም የዘነበለ ሰው ነበር። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቁረጫ ክፍል ተሰበሰቡ። ሄል በር አጠገብ ቆመ። ቫንስ ግራጫ ልብስ ለብሶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ቲልዳ የአምስተኛውን ጥቅል መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ዘረጋችና ጥርሶቹን አሳየች። ከቤት ያመጣችውን የሆራስን ካሜራ ከፍታ የብረት መስኮቱን አሳየች። ሁለቱ ጥርሶች ገጠሙ።

አምብሮዝ ቲል አጎንብሶ አየ። «የፔንዳር ካሜራ ነው» አለ። «ጌይሎርድ፣ ምን ትላለህ?»

«ማን ካደ?» አለ ቫንስ ተረጋግቶ። «የኔ ካሜራ በብርድ ተጣብቆ እምቢ አለ። የፔንዳርን ተዋስኩ። ካሜራው የሱ ነው፣ እጁ የኔ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ዕቃ አይነፍግም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ሄል ሰዓቱን አየ።

«ሚስተር ቫንስ» አለች ቲልዳ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂኛ፣ ቲልዳ።»

«ሚስዝ ፔንዳር ቢሉኝ ይሻለኛል። እጅዎ እንዴት ነው?»

«እጄ?»

«እጀታ ሲያዞሩ። እኩል ነው ወይስ ይዛነፋል?»

ቫንስ ሳቀ። «አምብሮዝን ጠይቂው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዓት ነው የሚሉኝ። ከኔ ኔጋቲቭ ላይ አንዲት የተዛነፈች ምስል ያወጣ ሰው ካለ ይቅረብ።»

«እውነቱን ነው» አለ አምብሮዝ። «በሌላ በሌላው ይታማል እንጂ በእጁ አይታማም።»

«እንግዲያው ይቁጠሩልኝ» አለች ቲልዳ፣ ፊልሙን ወደ ሽማግሌው እየገፋች። «በየስምንቱ ያቁሙ።»

አምብሮዝ መነጽሩን አስተካክሎ በጣቱ ጥፍር እየነካ ቆጠረ። ስምንት ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረና ስምንት ላይ ቆመ። ሰማንያ ምስል ቆጠረ። ሌሎቹ ሁለቱ ተነሥተው ከኋላው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይህ እጅ የሚጎተት ነው» አለ በመጨረሻ። «ከታች በኩል። ማን ነው ይህ?»

«ከባቡር ጣሪያ ላይ የወደቀ ሰው ነው» አለች ቲልዳ። «ይህን ደግሞ እዩት።» ሆራስ ከሁለት ዓመት በፊት ለባሕር ማዶ ያነሣውን፣ ገና ያልተላከ ሌላ ፊልም ዘረጋች። ስምንተኛው ጠቆረ። ከዚያ ቫንስ ያነሣውን የበረዶውን ፊልም አራተኛ ጥቅል ዘረጋች። አምብሮዝ መቶ ምስል ቆጥሮ አንድም ልዩነት አላገኘም።

«ጌይሎርድ» አለ መነጽሩን እያወለቀ፣ «አንተ ከባቡር ወድቀህ ታውቃለህ?»

«ብርድ ነበር» አለ ቫንስ። «እጄ ደንዝዞ ነበር።»

«ልክ በስምንት በስምንቱ ነው የደነዘዘው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በመሐረብ ሸፈነ። ቫንስ ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«ሰውየው ሞቷል» አለ። «ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?»

«ለሞተ ሰው ምን እንደሚያደርግለት እርስዎም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ» አለች ቲልዳ። «የወሰዱት ግን የሱን ነው።»

ቫንስ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ለጋዜጣውም ማስተባበያ አልላከም። ማኅበሩ አምስተኛውን ጥቅል ያነሣው ሆራስ ፔንዳር ነው ብሎ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ወሰነና ለስቱዲዮው ላከ። ያ ገጽ ለማንም አልታተመም።

ሄል ቲልዳን አስጠራት። ፊልሙ ከሦስት መቶ በላይ በሆኑ ከተሞች እየታየ ስለሆነ በሸራው ላይ የሚወጣውን ስም መለወጥ እንደማይቻል ነገራት።

«ልናደርግ የምንችለው ይህ ነው» አለ። «በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይና ጥቅሉ በተቀመጠበት ቆርቆሮ ላይ ስማቸውን እናስገባለን። ቫንስ እና ፔንዳር ተብሎ ይጻፋል።»

«ሁለቱን አብረው?»

«ለሰላም ሲባል።»

«አንድ ቀን እንኳ አብረው አልቆሙም» አለች ቲልዳ። «አንደኛው ምድጃ አጠገብ ነበር። አምስተኛው ላይ የፔንዳር ስም ብቻ ይጻፍ። ይህን ካላደረጋችሁ የማኅበሩን ደብዳቤ ይዤ ጋዜጣ ቤት እሄዳለሁ።»

ሄል ትኩር ብሎ አያት። «እንደፈለጉ» አለ። «ቆርቆሮ ነው።»

ቲልዳ በዚያው ቀን ወደ ግምጃ ቤት ወረደች። ጠባቂው ዊልበር ናግል አምስተኛውን ቆርቆሮ አወረደላት። የድሮውን ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ ላጠችና አዲሱንም መዝገቡንም በራሷ እጅ ጻፈች። የፊልሙን ስም፣ ጥቅል አምስት፣ ያነሣው ሆራስ ፔንዳር። ናግል ከቀሩት ስድስት ቆርቆሮዎች ጋር መልሶ ደረደረው።

«አሁን ደስ አለሽ?» አላት።

«ደስታ አይደለም» አለች። «ልኩ ነው።»

አምስተኛው ጥቅል ለባሕር ማዶ የሚሆን ሁለተኛ ኔጋቲቭ አልነበረውም፤ በዚያ ሦስት ቀን የቆመው አንድ ካሜራ ነው። ባሕር ማዶ የሄደው ፊልም ያለ በረዶው ተቆራርጦ ሄዷል። ቲያትር ቤቶቹ የያዟቸው ቅጂዎች ተቧጥጠው ሲያልቁ ወደ ስቱዲዮው ይመለሳሉ፣ ይታጠባሉ፣ ከላያቸው ላይ ያለው ብር የሚባለው ማዕድን ተለይቶ ይሸጣል። ይህ የሁሉም ስቱዲዮ ልማድ ነበር።

ሰባት ዓመት አለፈ። ፊልም መናገር ጀመረ፤ እጀታ የሚያዞር ሰው ጠፋ፤ ካሜራው በሞተር ሆነ። ቲልዳ መቁረጫ ክፍል ውስጥ አሁን የሴቶቹ አለቃ ናት። ጌይሎርድ ቫንስ ትልቅ ሰው ሆኗል። በሚያዝያ ስቱዲዮው ለቫንስ የክብር ምሽት ሊያደርግለት ተነሣና የሚታየው የበረዶው ፊልም እንዲሆን ተወሰነ፤ የሚተነፍሰው ውሃ ከቫንስ አፍ አልጠፋም ነበር። ሄል ለቲልዳ ወረቀት ላከላት። ጥቅሎቹን አይታ ለአዲስ ቅጂ እንድታዘጋጅ ይላል።

ቆርቆሮዎቹ በጋሪ መጡ። ቲልዳ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት። ጋሪውን አጎንብሳ አየች። ከዚያ ጓንቷን ሳታወልቅ ወደ ግምጃ ቤት ወረደች።

«ዊልበር፣ አምስት ቀርቷል።»

ናግል መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደና ቆመ። ወዲያው ቀና አላለም።

«ወጥቷል» አለ።

«የት ነው የወጣው?»

«በጥር። ዝምተኛ ፊልም ቦታ ያዘብን፣ ደግሞም ለእሳት ያሰጋል ተብሎ ትእዛዝ መጣ። ከቢሮ የስም ዝርዝር ላኩ። የነዚህን ሰዎች አስቀሩ፣ የቀረውን ወደ ማቅለጫ ስደዱ አሉ። ቫንስ ዝርዝሩ ላይ አለ። እራሱ ነው የጠየቀው ይላሉ፣ ሥራዎቼ ይጠበቁ ብሎ።» ናግል መዝገቡን አዞረላት። «ሁለት ልጆች ላኩ፤ ቆርቆሮውን እያነበቡ ነው የለዩት። ቫንስ የሚለውን አስቀሩ። ይህኛው ላይ የቫንስ ስም አልነበረም።»

ቲልዳ በመዝገቡ ላይ የራሷን የእጅ ጽሑፍ አየች። ከጎኑ በቀይ «ቀልጧል» የሚል ቃል ተጽፏል።

«አንተስ አላየህም?» አለችው።

«ቲልዳ፣ በዚያ ሳምንት አራት ሺህ ቆርቆሮ ነው የወጣው። እያንዳንዱን አንብቤ…»

ወደ ሄል ቢሮ ወጣች። ሄል አርጅቶ ነበር፤ አሁንም ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም። የሆነውን ነገረችው። ሄል እስከ መጨረሻው ሰማትና ግንባሩን አሸ።

«ያሳዝናል» አለ። «በጣም ያሳዝናል። ግን ሚስዝ ፔንዳር፣ የሚያስታውሱ ከሆነ፣ እኔ ሁለቱም ስም ይጻፍ ብዬ ነበር።»

ቲልዳ ከዚያ በፊት በዚያ ቢሮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀንም አላደረገችም።

«ብለው ነበር» አለች። «ውሸቱን ከእውነቱ ጋር አብሬ ብጽፍ ኖሮ ይተርፍ ነበር ማለትዎ ነው። ልክ ነዎት፣ ይተርፍ ነበር። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ያቀለጣችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ዘጠኝ መቶ አርባ ጫማ ፊልም ሳታዩ፣ ሳትከፍቱ፣ ወረቀቱን ብቻ አንብባችሁ አቀለጣችሁት። ሰባት ጥቅል ያለው ፊልም ስድስት ሆኖ ሲቀር ልብ ያለ ሰው በዚህ ቤት አልነበረም። የቫንስ ስም ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮውን ራሱን ታቅፋችሁት ታድሩ ነበር።»

ሄል ስለ ምሽቱ መናገር ጀመረ። እንግዶቹ ተጠርተዋል፤ ማስቀረት አይቻልም። ከአራተኛውና ከስድስተኛው ጥቅል መካከል አንድ ሰሌዳ ይግባ፣ «ወንዙ ልጅቷን ወሰዳት፤ በብዙ ድካምም ተረፈች» የሚል ይጻፍ አለ። «እርስዎ በሙጫ ይቀጥሉታል?» ብሎ ጠየቃት።

«ሌላ ሰው ይቀጥለው» አለች ቲልዳ።

ሰሌዳው በፊልም ተነሥቶ፣ ታጥቦ በማግሥቱ መቁረጫ ክፍል ደረሰ። ቲልዳ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። አይዳ አየችው፣ ሁለት እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

«እኔን ዛሬ እጄን አሞኛል እቴ» አለች።

«እኔንም» አለች ሌላዋ።

አሥር ሴቶች ነበሩ፤ የአሥሩም እጅ ታመመ። ከቢሮ ሁለት ጊዜ ሰው ተላከ። በመጨረሻ ናግል ራሱ ከግምጃ ቤት ወጥቶ፣ ሥራው ያልሆነውን መቀስና ሙጫ ይዞ፣ ሰሌዳውን አጣሞ ቀጠለው። ለማንም ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ።

የክብሩ ምሽት ተደረገ። ቫንስ ስለ ውሃው ተናገረ ብለው ነገሯት። ያን ምሽት የመጡት ሰዎች ውሃውን አላዩም፤ ሁለት መስመር ጽሑፍ አንብበው አጨበጨቡ።

ሆራስ ፔንዳር አሥራ ሁለት ዓመት ካሜራ አዙሯል። አጫጭሮቹ አስቂኝ ፊልሞች ከነኔጋቲቫቸው ከስቱዲዮዎቻቸው ጋር ጠፍተዋል። ለባሕር ማዶ ያነሣቸው ተመልሰው አልመጡም። በስሙ የተመዘገበው አንድ ጥቅል ብቻ ነበር። ስድስቱ ጥቅሎች በካስታሊያ ግምጃ ቤት አሉ። አምስተኛው የለም።